ፈረቃውን አውቆ መዘጋጀት፦ ስለ መብራት መቋረጥና ስለ ራስ ኃይል



በዚህ እትም ተማሪዎቻችን ደጋግመው ስለሚያነሱት ጥያቄ እንጽፋለን። ጥያቄው «መብራት ሲሄድ እንዴት እናጥና? ሶላር ብንገዛስ ምን ያህል ይበቃናል?» የሚል ነው። አጭሩ መልሳችን ከመግዛት በፊት መቁጠር ይቀድማል የሚል ነው። ሰዓቱን መቁጠር፣ ዋቱንም መቁጠር።

እንደሚታወቀው የመብራት መጥፋት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ድንገት የሚመጣው ነው፤ ሽቦ ይበጠሳል፣ ትራንስፎርመር ይቃጠላል፣ ማንም አስቀድሞ አያውቀውም። ሁለተኛው ታቅዶ የሚጠፋው፣ እኛ ፈረቃ የምንለው ነው። ሰው ሁለቱንም እኩል ያማርራል። ግን ፈረቃ ከድንገተኛው በጣም ይሻላል፤ ምክንያቱም ሰዓት አለው፣ ሰዓት ያለው ችግር ደግሞ ይታቀድበታል።

ፈረቃን ከኢትዮጵያ የመጣን ሁሉ እናውቀዋለን። በ1995፣ በ2000 እና በ2001 ዓ.ም. ነበር። በግንቦት 2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) ደግሞ እንደገና ታወጀ። ያኔ የውሃ፣ መስኖና ኢነርጂ ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ስለሺ በቀለ በሰጡት መግለጫ የጊቤ ሦስት ግድብ ውሃ በመቀነሱ 476 ሜጋ ዋት እጥረት መፈጠሩን ተናገሩ። ለሱዳን የሚሸጠው ኃይል እንዲቆም፣ የጅቡቲው በግማሽ እንዲቀንስ ተደረገ። ፋብሪካውም ቤቱም በፈረቃ ገባ። እናቶች እንጀራ የሚጋግሩበትን ሰዓት ከፈረቃው ጋር አስተካከሉ፤ አንዳንዱ ሰፈር ሌሊት ተነስቶ ጋገረ።

ለምን ግንቦት ላይ? ይህን ተማሪዎች እንዲረዱት እንፈልጋለን። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው። ግድብ ማለት እንደ ጎተራ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ይሞላል፣ በጋውን ሙሉ እየተቀነሰ ይበላል። ያለፈው ክረምት ደከም ብሎ ከነበረ ግንቦት ላይ የጎተራው ወለል መታየት ይጀምራል። አዲሱ ዝናብ እስኪገባ ድረስ ያለው አማራጭ የቀረችውን ለሁሉ ማቃመስ ነው። የተማሪው መጥፎ ዕድል ደግሞ ግንቦትና ሰኔ የፈተና ወራት መሆናቸው ነው። ስለዚህ መብራቱ የሚቀንሰው መብራት በጣም በሚያስፈልግበት ጊዜ ነው።

ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9 ቀን 2025) የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህ ጎተራውን በጣም ያሰፋዋል። ነገር ግን ምሰሶ ሲወድቅ፣ የሰፈር ትራንስፎርመር ሲቃጠል የሚመጣውን ጨለማ ግድብ አይመልሰውም።

አሁን ወደምንኖርባት ሐርጌሳ እንምጣ። እዚህ የሚያሰጋው የግድብ መጉደል አይደለም፤ የማሮዲ ጄህ ወንዝ እንኳ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ1988 በአውሮፕላንና በመድፍ ስትደበደብ ከቤቶቿ ጋር የመብራት መስመሯም ወደመ። ከ1991 በኋላ ሕዝቡ ሲመለስ የመንግሥት መብራት ኃይል የሚባል አልጠበቀውም። ነጋዴው ጀኔሬተር አስመጣ፣ ለጎረቤቱ ሽቦ ዘረጋ፣ ጎረቤቱም ከፈለ። እንዲህ እያለ ሰፈር በሰፈር ተያያዘ፤ ቆይቶ ትንንሾቹ ድርጅቶች እየተዋሐዱ ትልልቅ ሆኑ። ሁሉም በናፍጣ ስለነበር ዋጋው በአንድ ወቅት በኪሎ ዋት ሰዓት ወደ 1 ዶላር ይጠጋ ነበር፤ በዓለም ውድ ከሚባሉት አንዱ ማለት ነው። በኋላ ድርጅቶቹ የፀሐይ ኃይል እየቀላቀሉ ሲመጡ ዋጋው ከድሮው ቀነሰ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንወስዳለን። አንደኛ፣ የሐርጌሳ ሰው ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፤ ይህ የሚደነቅ ነው። ሁለተኛ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ትንሽ ጀኔሬተር ሲያንጫርር ነዳጁም ገንዘቡም ይባክናል። በራስ ኃይል መቆም ሲባል ሁሉም በየቤቱ ለብቻው ማለት አይደለም። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ማዶ የመን ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጦርነት በኋላ መስመሩ ሲፈርስ ሕዝቡ በየጣሪያው ሶላር ሰቀለ፤ ይህ የግል መንገድ ነው። በዮርዳኖስ የአዝራቅ የስደተኞች ካምፕ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው የ2 ሜጋ ዋት የፀሐይ ጣቢያ ደግሞ የጋራ መንገድ ነው። ለአንድ ትምህርት ቤት የሚሻለው የቱ ነው ብትሉን፣ የጋራው ነው እንላለን፤ አንድ ደህና ባትሪ ከአሥር ደካማ ባትሪ ይበልጣል።

ፕሮግራሙ ሲታወቅ

የማቋረጫ ሰዓት ሲነገር በቃል አይያዝ። በወረቀት ጽፋችሁ የክፍሉ በር ላይ ለጥፉት። ማስታወቂያው በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ ልብ በሉ፤ ማታ 7 የሚለው በኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። በዚህ ብቻ የጥናት ሰዓቱ የሚዛባበት ብዙ ነው።

መብራት ባለበት ሰዓት መብራት የግድ የሚፈልገውን ብቻ ሥሩ፦ ፎቶ ኮፒ፣ ኮምፒውተር፣ ዩኒፎርም መተኮስ፣ ሞባይል ቻርጅ ማድረግ። ውሃ በፓምፕ የሚመጣላችሁ ከሆነ አስቀድማችሁ ቅዱ፤ መብራት ሲሄድ ውሃውም ይሄዳል። መብራት በሌለበት ሰዓት ደግሞ መብራት የማይፈልግ ትምህርት አለ። የቃል ጥያቄና መልስ፣ የእንግሊዝኛ ንግግር ልምምድ፣ የማባዛት ሠንጠረዥ፣ የታሪክ ትረካ። መምህራን ሳምንታዊ ዕቅዳችሁን ስታወጡ እነዚህን ለጨለማው ሰዓት ብታስቀምጡ አንድም ክፍለ ጊዜ አይባክንም። በማታ ክፍል መብራት ሲሄድ ሁሉም ተማሪ የሞባይሉን ባትሪ አብሮ ያበራል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሁሉም አብሮ ይደክማል። ሁለት ሁለት ሞባይል በተራ ማብራት ይበቃል።

መብራት ሲሄድ የበሩ ዕቃዎችን ከሶኬት ንቀሉ፤ አንድ አምፖል ብቻ ይቅር፣ መምጣቱን እንዲነግራችሁ። ሲመለስም ወዲያው አትሰኩ። መብራት የመጣ ደቂቃ ሰፈሩ ሁሉ ምጣዱንም ካውያውንም ፍሪጁንም አንድ ላይ ይሰካል፤ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አንዳንዴም ትራንስፎርመሩ መሸከም አቅቶት መልሶ ይጠፋል። አሥር ደቂቃ መታገሥ ኮምፒውተር ያድናል።

ስለ አደጋው ጠንከር አድርገን እንናገር። ጀኔሬተር በቤት ውስጥ፣ በኮሪደር ወይም በመስኮት ሥር አይነሳም። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ሰውን በእንቅልፉ ይገድላል። የከሰል ምድጃም በተዘጋ ክፍል ያው ነው። የጀኔሬተርን መስመር በቤቱ ሶኬት ውስጥ መልሶ መሰካት ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም፤ ኃይሉ ወደ ውጭው ሽቦ ወጥቶ መስመር የሚጠግነውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። ኩራዝና ፋኖስ የምትጠቀሙ፣ እሳቱ ሳይጠፋና ሳይቀዘቅዝ ነጭ ጋዝ አትጨምሩ። ነጭ ጋዝን በለስላሳ ጠርሙስ አታስቀምጡ፤ ሕፃናት ውሃ መስሏቸው ይጠጡታል።

ዋት መቁጠር

አሁን ወደ ሶላር። ገበያ ወጥቶ «ትልቁን ስጠኝ» ማለት ገንዘብ ማባከን ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልጋችሁን ጻፉ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የዕቃውን ዋት በሚሠራበት ሰዓት ማባዛት። ውጤቱ ዋት ሰዓት ይባላል።

ለምሳሌ አንድ የማታ ክፍል እንውሰድ። አራት ባለ 5 ዋት የኤልኢዲ አምፖል ለ3 ሰዓት 60 ዋት ሰዓት ነው። አንድ ሞባይል መሙላት ከብክነቱ ጋር ወደ 20 ይወስዳል፤ አምስት ሞባይል 100። ትንሽ ሬዲዮ 10። ድምሩ 170 ዋት ሰዓት በቀን።

ይህን ማን ይሰጠናል? ባለ 50 ዋት የፀሐይ ፓኔል በቀን 5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 250 ይሆናል። ሐርጌሳ ፀሐይዋ ከዚህም አያንስም፣ ለጥንቃቄ ግን አምስት እንበል። ከዚያ ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህሉ በሙቀት፣ በአቧራ፣ በሽቦና በባትሪ ይጠፋል። የሚቀረው ወደ 170 ነው። ልክ በልክ ማለት ነው።

ባትሪውስ? አንድ ቀን ደመና ቢሆን እንኳ ክፍሉ እንዳይጨልም የሁለት ቀን፣ ማለት 340 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። የአሲድ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ እጥፉን፣ 680 እንይዛለን። ይህ ለ12 ቮልት ሲካፈል 57 አካባቢ ይሆናል፤ ባለ 60 አምፒር ሰዓት ባትሪ ይበቃል። የመኪና ባትሪ ርካሽ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ፤ እሱ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት እንጂ በየማታው ቀስ እያለ ለመጉደል አይደለም፣ ቶሎ ይሞታል። በፓኔሉና በባትሪው መካከል ተቆጣጣሪ መሣሪያ መኖር አለበት። እሱን የሚዘለው ሰው ባትሪውን ሁለት ጊዜ ይገዛል።

ሰው በጣም የሚደነቅበት ግን ይህ ነው። የኤሌክትሪክ የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል። አንድ ሰዓት ቢሠራ የዚያን ፓኔል የ20 ቀን ምርት ይበላል! ካውያ በግማሽ ሰዓት የሦስት ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ትንሽ ሶላር ለብርሃን፣ ለሞባይልና ለሬዲዮ ነው። የሚያሞቅ ነገር ሁሉ ከሱ ይራቅ። «ሶላር ገዛን፣ አልሠራም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግሩ ፓኔሉ ሳይሆን የተሰካበት ነገር ነው።

አተካከሉም ወሳኝ ነው። ሐርጌሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ላይ ስለሆነች ፓኔሉ ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢዘነብል ይበቃል፤ ዝንባሌው ዝናቡ አቧራውን ጠርጎ እንዲወርድም ይረዳል። የዛፍ ወይም የምሰሶ ጥላ አንድ ጥጉን ብቻ ቢነካው እንኳ ምርቱን በጣም ይቀንሰዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ ጠዋት፣ ሳይግል፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። አምፖሉንም ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ ከደብተሩ 2 ሜትር የነበረ አምፖል ወደ 1 ሜትር ሲወርድ ብርሃኑ በአራት እጥፍ ይጨምራል። ይህ ምንም ወጪ የለውም።

በክፍሉ ውስጥ አንድ ተማሪ የባትሪ ኃላፊ ይሁን። ጠዋት ፀሐይ ፓኔሉን ሳታገኘው ቮልቱን ለክቶ በደብተር ይጽፋል። 12.7 አካባቢ ሙሉ ነው፤ 12.2 ሲደርስ ግማሽ ሆኗል፣ የዚያን ቀን ሞባይል መሙላት ይቆማል፣ አምፖል ብቻ ይበራል።

ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሂሳብ መምህራን አንድ ጥያቄ እንተዋለን። አንድ ትምህርት ቤት ባለ 100 ዋት ፓኔል አለው። ስድስት ባለ 5 ዋት አምፖል ለ4 ሰዓት፣ አንድ ባለ 40 ዋት ላፕቶፕ ለ3 ሰዓት፣ አሥር ሞባይል መሙላት ይፈልጋል። ይበቃዋል? እንደማይበቃው አስቀድመን እንነግራችኋለን። ስንት ዋት ሰዓት እንደሚጎድልና ምን መቀነስ እንዳለበት ግን ክፍሉ በቡድን በቡድን ሆኖ ይከራከርበት።