የስልክ ምክርና የእብድ ውሻ በሽታ

በአቃቂ አካባቢ ውሻ የቤት፣ የበረትና የመጋዘን ጠባቂ ነው፤ ከልጆችና ከወተት ላሞች ጋርም ይውላል። ዛሬ ውሻው ሲታመም ባለቤቱ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለውን የስልክ አገልግሎት ጠይቆ ወዲያው መልስ ሊያገኝ ይችላል። የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ይህን ምክር በጥንቃቄ እንዲይዙት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

መሣሪያው መልሱን የሚያወጣው ቀደም ሲል ከተጻፈ ብዙ ጽሑፍ ነው፤ እንስሳውን በእጁ አይዳስስም። ለምሳሌ አንድ ውሻ ምራቁ ይዝረከረካል፣ መንጋጋው ይወርዳል፣ መዋጥም ያቅተዋል እንበል። ጉሮሮው ላይ አጥንት ተሰክቶ ይሆናል፤ የእብድ ውሻ በሽታም ሊሆን ይችላል። «አፉን ከፍተህ ተመልከት» የሚል መልስ የባለቤቱን እጅ ወደ ምራቁ ይመራል። የዚህ በሽታ ምልክት በሰው ላይ አንዴ ከታየ ደግሞ መዳን ከቶ የለም ማለት ይቻላል።

በመድኃኒትም በኩል አደጋ አለ። ለሰው የሚሰጠው ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፤ አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል።

በአገራችን የእንስሳት መድኃኒትና መኖ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 728/2004 ወጥቷል። አዋጁ ስለ መድኃኒትና ስለ መኖ እንጂ ከስልክ ስለሚወጣ ምክር የተጻፈ አይደለም። በአሜሪካም ቢሆን ለእንስሳት ሕክምና የሚውሉ መሣሪያዎች ገበያ ከመውጣታቸው በፊት የመንግሥት ፈቃድ እንዲያገኙ አይገደዱም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥንቃቄ የሚጀምረው ከእኛው ነው።

የሚከተሉትን እንመክራለን፦

1. ከስልክ የተገኘ መልስ ለባለሙያው የሚቀርበውን ጥያቄ ለማዘጋጀት ይጥቀም፤ መድኃኒትና መጠኑን ግን የእንስሳት ሐኪም ይወስን።

2. የተጠረጠረን ውሻ አትንኩ፤ ሰውና ከብት አርቁ፤ በአቅራቢያው ለሚገኝ የእንስሳት ክሊኒክ አስታውቁ።

3. ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ የስልክ መልስ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

4. ውሾችን በወቅቱ አስከትቡ፤ የክትባት ካርዳቸውንም ያዙ።

5. ማኅበራት የክሊኒኩን የስልክ ቁጥር በጽሕፈት ቤታቸው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ።

ሐኪም ላዘዘው መድኃኒት ይጠየቅበታል። ስልኩ ለሰጠው መልስ ግን የፈረመ ሰው የለም፤ ውሻውም ሆነ ልጁ ቢጎዳ ጉዳቱ የሚቀረው በባለቤቱ ላይ ነው።