ይሄ ተራራ ሙዚየም አይደለም፤ ዛሬም ሰው ይሠራበታል

ቦርሳቸውን አዝለው የደቡብ አሜሪካን ተራሮች የሚዞሩ ወጣቶች ብዙ ጊዜ ቦሊቪያ ውስጥ ፖቶሲ ከተማ ይደርሳሉ። የሚስባቸው ከተማዋ አጠገብ ያለው ሴሮ ሪኮ፣ ማለትም "ሀብታሙ ተራራ" ነው። ከፍታው ከራስ ዳሸን ይበልጣል።

እ.ኤ.አ በ1545 የብር ማዕድን ተገኘበት። ስፔኖች የአገሬውን ሰው በግዳጅ እያስቆፈሩ ሀብቱን ወደ አውሮፓ አጋዙት። ዛሬም በማኅበር የተደራጁ ሠራተኞች ብርና ዚንክ ያወጡበታል።

ጉብኝቱ እንዴት ነው?

መጀመሪያ ከአስጎብኚ ጋር ወደ ሠራተኞቹ ገበያ ትሄዳላችሁ። ለስላሳ፣ የኮካ ቅጠል፣ ድማሚት ሳይቀር ይሸጣል፤ ለሠራተኞቹ ስጦታ ይዛችሁ ትገባላችሁ። ቅጠሉን የሚያኝኩት ረሃብና ድካም እንዲያስረሳቸው ነው። ውስጥ "ኤል ቲዮ" የሚባል ቀንዳም ሐውልት አለ፤ የምድር ስር ጌታ ነው ብለው ሲጋራና አልኮል ያቀርቡለታል።

አደጋውስ?

የድንጋይ ብናኙ ሲሊኮሲስ የተባለ የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል። ዋሻው ይደረመሳል። ከቁፋሮ ብዛት የተራራው ጫፍ ራሱ እየሰመጠ ነው፤ ዩኔስኮም በ2014 ፖቶሲን አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ አስገብቷታል።

እኛ የምንለው፦ ከሄዳችሁ የቀድሞ ማዕድን ሠራተኛ የሆነ አስጎብኚ ፈልጉ። ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። ጋሪ ሲመጣ ቶሎ መንገድ ልቀቁ። አስም ወይም የልብ ችግር ያለበት ሰው ባይገባ ይሻላል። እናንተ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ ትወጣላችሁ፤ እነሱ ግን ነገም ይገባሉ።

እናንተስ ብትሆኑ ትገቡ ነበር? ኮሜንት ላይ ንገሩን።