«ተመስገን በይ» ከማለታችን በፊት፦ ያልተሳካው የአሸንድዬ ጉዞ

 

ዛሬ የምጽፈው ስለ ጨጓራ ወይም ስለ ስኳር አይደለም፤ ስለ አንድ ሻንጣ ነው። ሻንጣው የታላቅ እህቴ ነው። «ስሜን እንዳትጠራ እንጂ ጻፈው» ብላ ፈቅዳልኛለች።

እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች፤ አብዛኛውን ጊዜ የሌሊት ፈረቃ። እናታችን ደግሞ ብልባላ ናት። ላስታን ለማታውቁ፣ ብልባላ ከላሊበላ ብዙም የማትርቅ ትንሽ ከተማ ናት፤ ከዐለት የተፈለፈሉት ብልባላ ጊዮርጊስና ብልባላ ቂርቆስ እዚያው ናቸው። ጊዮርጊስ ንቦች ይኖሩበታል፤ ማሩን ሰው ለፈውስ ብሎ ይወስደዋል። (ሐኪም ነኝና አንድ ነገር ጣል ላድርግ፦ ከአንድ ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ማር አይሰጥም፣ የትኛውም ማር።)

የእህቴ ምኞት አሸንድዬን አገር ቤት ማክበር ነበር። ነሐሴ 16 የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ልጃገረዶች ቅጠሉን ወገባቸው ላይ አስረው ከቤት ቤት እየጨፈሩ የሚዞሩበት በዓል ነው። ዋግ ላይ ሻደይ፣ ራያ ቆቦ ላይ ሶለል ይሉታል። እሷ ደግሞ በልጅነቷ ከሁሉም በላይ የሚጮኸው ድምፅ የእሷ ነበር፤ ይህን ጎረቤት ሁሉ ይመሰክራል።

መጀመሪያ ያሰበችው ግን ለ2012 ፋሲካ ነበር። መጋቢት ላይ ኮሮና ገባ፤ ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሁሉ 14 ቀን ሆቴል ውስጥ በራሱ ወጪ እንዲቆይ ታዘዘ። የእሷ የዓመት ፈቃድ ስንት ቀን ቢሆን ጥሩ ነው? 14። ቦሌ አርፋ፣ ሆቴል ከርማ ልትመለስ ነው ማለት ነው። ቀረ።

ቀጥሎ ለነሐሴ 2013 አሰበች። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ላሊበላ ደረሰ። ያኔ ስለ ጉዞ ማውራት ራሱ ቅንጦት ሆነ፤ ስልክ ጠፍቶ የእናታችንን ድምፅ ሳንሰማ ወራት አለፉ።

ሦስተኛው ነሐሴ 2015 ነው። ትኬት ተቆረጠ፣ ሻንጣ ተሞላ፦ ለእማዬ የደም ግፊት መለኪያና ለስላሳ ጫማ፣ ለእህታችን ልጆች የበዓል ቀሚስ። ሐምሌ 28 በክልሉ ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራ ቆመ፤ የሞባይል ዳታ ተቋረጠ። በመኪናም መንገዱ የሚታመን አልነበረም። ሻንጣው እንደተሞላ ኮሪደሩ ላይ ቀረ።

እና እኔ ምን አልኩ? በሁለተኛው ቀን ደወልኩና «እታለም፣ ተመስገን በይ፤ ዋናው ጤና ነው» አልኳት።

ዝም አለች። ቆይታ፣ «እስቲ ዶክተርነቱን ተወውና ወንድሜ ሁን» አለችኝ።

ልክ ነበረች። በዚያ ሳምንት ያገኘችው ሰው ሁሉ የነገራት ይህንኑ ነበር። አንዷ ጓደኛዋማ «የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ» ብላ ተረተችባት። «እኔ እኮ ለቅቄያለሁ» ብላ መሳቋን ስትነግረኝ ድምፅዋ የሳቅ አልነበረም።

ይህን ነገር ክሊኒክም አየዋለሁ። ሰው አዝኖ ይመጣል፤ «እንዴት ነህ?» ስትሉት «ተመስገን» ይላል፤ ከዚያ ግፊቱ ሲለካ ሌላ ታሪክ ያወራል። «ተመስገን» ትልቅ ቃል ነው፤ «አልሐምዱሊላህ»ም እንደዚያው። ችግሩ እንደ ክዳን ስንጠቀምበት ነው። ከተከደነ ድስት ውስጥ የሚፈላው ነገር ክዳን ስለተደረገበት አይበርድም።

እህቴ ከፈረቃ ስትመለስ ለአሥር ቀን ያህል እንቅልፍ አልወሰዳትም፤ ምግብ አስጠላት፤ ልቧ ድው ድው ይል ነበር። ይህ በሽታ አይደለም። ሰውነት የጠበቀውን ነገር ሲያጣ አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉትን የጭንቀት ሆርሞኖች ይለቃል፤ ልብ ይፈጥናል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ያጣችው ደግሞ ትኬት ብቻ አይደለም። ስለዚህ በሦስተኛው ስልክ ምክሬን ትቼ ዝም ብዬ ሰማኋት። አለቀሰች። እኔም ትንሽ (ይህን አትንገሩብኝ)።

ታዲያ ምስጋና አይጠቅምም ወይ? ይጠቅማል፣ በልኩ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኢመንስና መከሎ የተባሉ ሁለት አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በቡድን ከፋፍለው፣ ለአሥር ሳምንት በየሳምንቱ እንዲጽፉ አደረጉ። አንዱ ቡድን ያመሰገነበትን ነገር፣ ሌላው ያስመረረውን፣ ሦስተኛው እንዲሁ ያጋጠመውን። ያመሰገኑበትን የጻፉት ስለ ኑሯቸው የተሻለ ተሰማቸው፤ የሕመም ስሜታቸውም ያነሰ ነበር። በኋላ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው የመረመሩ ባለሙያዎች ግን በድባቴና በጭንቀት ላይ ያለው ውጤት ትንሽ መሆኑን አይተዋል። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፦ ምስጋና ደህና ልማድ እንጂ የድባቴ መድኃኒት አይደለም።

ልብ በሉ፣ እነዚያ ተማሪዎች «ስለ ሁሉም ተመስገን» አላሉም። ነገሩን ለይተው ነው የጻፉት። የባሰበትን ሰው እያሰቡ መጽናናትም ሌላ ነገር ነው፤ በሰው መከራ ላይ የቆመ መጽናኛ ስለሆነ እኔ ብዙም አልወደውም።

እህቴ የጀመረችው እንዲህ ነው። አንድ ማታ፣ ከስንት ሙከራ በኋላ፣ የእማዬ ስልክ ተነሳ። እማዬ «አልጋሽን አንጥፌልሽ ነበር፤ አሁን እኔ ተኝቼበታለሁ፣ ይሞቃል» አለቻት። ተሳሳቁ። ከዚያ በወሬ መሃል እማዬ እንዲህ አለች፦ «ኪኒኗ እስክትመጪ እንድትደርስልኝ ቀን እየዘለልኩ ነው የምውጣት።»

ጥፋቱ የእኔ ነው። የሦስት ወር የግፊት መድኃኒቷን አዲስ አበባ ገዝቼ፣ «እታለም ስታልፍ ትወስደዋለች» ብዬ ቤቴ አስቀምጬው ነበር። ሐኪም ሆኜ! አንድ መንገደኛ ላይ የተንጠለጠለ መድኃኒት፣ መንገደኛው ሲቀር አብሮ ይቀራል። የደም ግፊት ደግሞ መድኃኒት ሲዘለል ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚወጣው፤ ስትሮክ እስኪያመጣ ድረስ ላያስታውቅ ይችላል። በማግስቱ ጎረቤት አማክረን እዚያው አካባቢ ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ ነርሷ ግፊቷን ለካቻትና አምሎዲፒን ሰጠቻት። እኔ ጋ የተቀመጠውም አምሎዲፒን ነው፤ ያው አንድ ነው። እናንተም ወላጆቻችሁ መድኃኒት የሚጠብቁት ከእናንተ ሻንጣ ከሆነ፣ ዛሬውኑ ደውላችሁ «ስንት ፍሬ ቀረሽ?» በሉ። አካባቢያቸው የሚገኘው መድኃኒት የሚተካው መሆኑን ሐኪማቸው ይነግራችኋል።

እህቴ ያን ምሽት ስልኳ ላይ የመጀመሪያዋን መስመር ጻፈች፦ «ስልኩ ተነሳ።» በሚቀጥለው ሳምንት «ፈረቃዬን ፊሊፒናዊቷ ሸፈነችልኝ»፣ ሌላ ጊዜ «እማዬ አልጋዬ ላይ ተኛች»። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሁለት ሦስት መስመር፤ በቃ። መቆጣትም አላቆመችም፤ ሻንጣው እግሯን በመታት ቁጥር ትሰድበው ነበር። እንቅልፏ ግን ቀስ በቀስ ተመለሰ።

ባይመለስስ? ሐዘኑ ወይም የነገር ሁሉ ማስጠላት ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ከቀጠለ፣ ከእንቅልፍ ማጣት፣ ከምግብ ፍላጎት መቀነስ፣ ከድካምና «ዋጋ የለኝም» ከሚል ስሜት ጋር ከመጣ፣ ይህ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ደግሞ አንድ ቀንም አይጠበቅም፦ አሜሪካ ያላችሁ 988 ደውሉ፤ አገር ቤት ያላችሁ ቅርባችሁ ወዳለ ሆስፒታል ሂዱ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ጸሎታችሁንም ሕክምናችሁንም አብራችሁ መያዝ ትችላላችሁ።

ሻንጣው ከወራት በኋላ ተፈታ። ቀሚሶቹ ለልጆቹ ጠብበዋቸዋል፣ አድገዋል ለካ። የግፊት መለኪያው ግን በሰው በሰው ብልባላ ደረሰ።

ባለፈው እሁድ እህቴ የጻፈችውን ላከችልኝ፦ «እማዬ ቁጥሩን በስልክ አነበበችልኝ፤ 138 በ84። ከዚያ ‹ቆይ፣ ጎረቤቴንም ልለካት ነው› ብላ ዘጋችብኝ።»