በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ፦ ሕጉ፣ የአምራቹ ምላሽና የጤና ባለሙያው ድርሻ

እርሳስ ለሰው አካል አንዳችም ጥቅም የሌለው ከባድ ብረት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት አያስከትልም ሊባል የሚችል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። (ተማሪ የሚጽፍበት እርሳስ ከግራፋይት የሚሠራ በመሆኑ እዚህ አይመለከተንም።) ያም ሆኖ ይህ ብረት ከቀለም ጋር ተቀላቅሎ በርና መስኮት፣ አልጋና የልጆች መጫወቻ ሲቀባበት ኖሯል።

ወደ ቀለም የሚገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ሊድ ክሮሜት የተባለው ውሑድ ቢጫንና ብርቱካንማን ደማቅ ያደርጋል፣ ፀሐይን ይቋቋማል፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። ቀዩ የእርሳስ ኦክሳይድ ብረትን ከዝገት ይጠብቃል። ሌሎች የእርሳስ ውሑዶች ደግሞ የዘይት ቀለም ቶሎ እንዲደርቅ ይረዳሉ። ስለዚህ ዋናው ሥጋት በውኃ ከሚበጠበጠው የግድግዳ ቀለም ይልቅ ለብረትና ለእንጨት የሚውለው የዘይት ቀለም ነው።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ነጭ የእርሳስ ቀለም ለቤት ውስጥ ቅብ እንዳይውል የሚከለክለውን ስምምነት ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1921 ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 ለቤት ቀለም ያስቀመጠችውን የ600 ፒፒኤም ጣሪያ በ2009 ወደ 90 ዝቅ አደረገች። በአገራችንም የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ ቁጥር 429 ይህንኑ የ90 ፒፒኤም ወሰን ደነገገ፤ ይኸውም በአንድ ኪሎ ግራም ደረቅ ቀለም ውስጥ ከ90 ሚሊ ግራም ያልበለጠ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣ አምራቹ ምን ያደርጋል? ማድረቂያውን በዚርኮኒየምና በካልሲየም ውሑዶች መተካት ብዙም አያስቸግርም። ፈተናው ቢጫውና ብርቱካንማው ላይ ነው፤ ምትክ የሆኑት ኦርጋኒክ ማቅለሚያዎች ዋጋቸው ከፍ ይላል፣ ጥሩ ሽፋን ለማግኘትም ቅመራውን እንደገና መሞከርን ይጠይቃሉ። ማቅለሚያውን ከውጭ የሚያስመጣ ፋብሪካ ደግሞ የአቅራቢውን የምስክር ወረቀት ማመን ወይም ራሱ ማስመርመር አለበት፤ በቅን ልቦና የሠራውም ቢሆን በተበከለ ጥሬ ዕቃ ምክንያት ከወሰኑ ሊያልፍ ይችላል።

ከመለወጥ ይልቅ መከራከርን የመረጡም አሉ። ዶሚኒየን ከለር የተባለው የካናዳ ኩባንያ የሊድ ክሮሜት ማቅለሚያዎች በአውሮፓ እንዲቀጥሉለት ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአውሮፓ ኮሚሽን ፈቃድ አግኝቶ ነበር። ስዊድን ከሰሰች፤ ፍርድ ቤቱም ምትክ አለመኖሩ በቂ በሆነ መንገድ አልተጣራም በማለት ፈቃዱን በ2019 ሻረው፤ በ2021ም ይግባኙ ውድቅ ሆነ። "ምትክ የለም" የሚለው ቃል በማስረጃ እስኪደገፍ ድረስ የንግድ ቃል እንደሆነ ቢቆጠር እመርጣለሁ። ዛሬ ስለ ናኖ ቅንጣቶች የሚደረገው ክርክርም ከዚህ ብዙ አይለይም። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አምራቾች የናኖ መጠን ላላቸው ኬሚካሎች የተለየ የደኅንነት መረጃ እንዲያቀርቡ አስገድዷል፤ ጥያቄው አሁንም መረጃውን የማቅረብ ሸክም በማን ላይ ይውደቅ የሚል ነው።

ሕጉ የሚገዛው ግን የሚመረተውንና የሚሸጠውን ነው፤ ትናንት የተቀባውን አይፍቅም። ይህን ለመረዳት መርካቶ ምን አለሽ ተራ መሄድ ይበቃል። ከከተማው ማዕዘናት የተሰበሰበ አሮጌ በር፣ በርሜልና ቆርቆሮ እዚያ ተቆርጦ፣ በግራይንደር ተፍቆና ተበይዶ ሌላ ዕቃ ይሆናል። አሮጌው ቅብ እርሳስ ካለበት፣ ሲፈገፈግ አቧራ፣ በብየዳ እሳት ሲቃጠል ደግሞ ጢስ ሆኖ ይተነፈሳል። በያጁ በሥራ ልብሱ ይዞት ወደ ቤቱ ይገባል። ሕፃን ከሚውጠው እርሳስ እስከ ግማሽ የሚደርሰውን ወደ ደሙ ሊያስገባ ይችላል፤ አዋቂ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። የአይረን እጥረት ያለበት ሕፃን ደግሞ ይበልጥ ይመጥጠዋል።

በክሊኒክ የሚታየው መልክ አሳሳች ነው። የሆድ ቁርጠትና ድርቀት ከአንጀት ጥገኛ ጋር፣ የደም ማነስ ከምግብ እጥረት ጋር፣ የልጅ ትምህርት መቀበል አለመቻል ከስንፍና ጋር ይምታታል። በደም ስሚር ላይ በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ሰማያዊ ነጠብጣቦች ቢታዩ ሊያስጠረጥር ይገባል፤ አለመታየታቸው ግን ነፃ አያደርግም። ስለሆነም ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ ነው፦ የምን ሥራ ነው የሚሠሩት? ከሥራ ሲመለሱ ልብስዎን የት ነው የሚያወልቁት? ልጁ የሚጫወተው የት ነው? አፈር ወይም የተላጠ ቀለም ይበላል?

እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት በደም ውስጥ ያለው እርሳስ በዴሲ ሊትር 5 ማይክሮ ግራም ከደረሰ ምንጩ ተፈልጎ እርምጃ ሊወሰድ ይገባል፤ በሕፃናት 45 ሲደርስ እርሳሱን ከደም የሚያስወግድ መድኃኒት ይመከራል። መድኃኒቱ ምንጩ ካልተወገደ ብዙ አይረዳም። የደም ምርመራው በቅርብ በማይገኝበት ቦታም ቢሆን ለበያጁ የሚሰጠው ምክር አይዘገይም፦ አሮጌ ቅብን በደረቁ አለመፈግፈግ፣ ከመብላትና ከማጨስ በፊት እጅ መታጠብ፣ የሥራ ልብስን ከልጆች ልብስ ለይቶ ማጠብ፣ ነፍሰ ጡርንና ሕፃናትን ከሥራው ቦታ ማራቅ። እርሳስ በእናት አጥንት ውስጥ ለዓመታት ተከማችቶ በእርግዝና ጊዜ ወደ ደም ስለሚመለስ፣ ቀድሞ በዚህ ሥራ ላይ የነበረች ነፍሰ ጡርም በቅድመ ወሊድ ክትትል ብትጠየቅ መልካም ነው።