ዘፈኑ ቢጠፋም ቤዙ አልጠፋ!

እብናት ከተማ ከሙዚቃ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ አንድ ወጣት ክፍሉን በእንቁላል ካርቶን ለጥፎ እንደጨረሰ አጫወተኝ። እንቅልፍ ግን የለም። ከሙዚቃ ቤቱ ባለቤት ጋር ለጠብ ተቃርቧል፤ ቤቱንም ሊለቅ ነው።

ልፋቱ ያሳዝናል። ካርቶን ቢቀንስ ቀጭኑን ድምፅ ነው። በሰከንድ 50 ጊዜ የሚርገበገብ ቤዝ ግን የአንዱ ሞገድ ርዝመት 7 ሜትር ይጠጋል። ይህን በጥጥ ወይም በስፖንጅ ልዋጥ ካሉ ውፍረቱ የሞገዱን ሩብ፣ 1.7 ሜትር ያህል ይፈልጋል። እሱማ መኝታ ቤት ሳይሆን የጥጥ መጋዘን በሉት!

ቤዝን የሚበላው አብሮት የሚንቀጠቀጥ ነገር ነው። ቀጭን ኮምፔርሳቶ ከግድግዳው 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ በጣውላ ፍሬም ላይ ይመታል፤ ዙሪያው ይደፈናል፤ ከኋላው ጥጥ ይገባል። ቤዙ ሲያርገበግበው ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ያልቃል። ታዲያ የሚሠራው በሙዚቃ ቤቱ በኩል ነው፣ ድምፁ ሳይሻገር።

ከዚያ በፊት ግን ስፒከሩ ከጋራው ግድግዳ ይራቅ፤ ከሥሩም የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ይነጠፍለት። ወንድሜ፣ ጠዋት ሙዚቃው ሳይከፈት ቡና ጋብዘውና ይህንኑ ንገረው። እምቢ ካለ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅንም ይመለከታልና ወደ ቀበሌ ጎራ በል።