ሐረር ጀጎል፦ የግንቡም የቤቱም ወግ

ከአርሲዋ አርቦዬ ተነስቶ ሐረርን ሊያይ የሚሄድ ሰው ወደ አዳማ ወጥቶ የምሥራቁን አውራ ጎዳና ይይዛል። ጭሮን፣ ሂርናን አልፎ ጨለንቆ ሲደርስ ግን ቆም ማለት ይገባዋል። የሐረር የመጨረሻው አሚር አብዱላሂ በ1879 ዓ.ም. የሸዋ ንጉሥ በነበሩት በምኒልክ ጦር የተሸነፉት እዚያ ነው። ከዚያ ወዲያ ቁልቢና አወዳይ፣ ቀጥሎ ሐረር።

ከተማዋን የከበበው የጀጎል ግንብ ከአሚር ኑር ስም ጋር የተሳሰረ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር፣ ቁመቱ 4 ሜትር ያህል ነው። ጥንታዊ በሮቹ አምስት ናቸው፤ ሸዋ በር፣ ፈላና በር፣ ኤረር በር፣ ሰንጋ በርና ቡዳ በር። ለመኪና የሚመቸው ስድስተኛው በር የኋላ ዘመን ሥራ ነው። በግንቡ ውስጥ 82 መስጊዶችና 102 የቅዱሳን መካናት እንዳሉ ዩኔስኮ መዝግቦ፣ ከተማዋን በ1998 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ አድርጓታል።

ለእኔ ግን ከግንቡም የሚበልጥብኝ ቤቱ ነው። የሐረሪ ቤት ከውጭ ሲታይ ተራ የድንጋይ ግድግዳ ነው። ጫማ አውልቀው ሲገቡ ሳሎኑ አምስት መደቦች አሉት፤ ነደባ ይሏቸዋል። ከፍታቸው ይለያያል፤ እንግዳም እንዳሻው አይቀመጥም። አሚር ነደባ የአባወራውና የክብር ሰው ቦታ ነው፤ ሰፊው ጊዲር ነደባ የብዙኃኑ ነው፤ ሌላውም በዕድሜና በማዕረጉ ቦታውን ያውቃል። ወለሉና መደቡ ቀይ ነው። ቀለሙ በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ሲሉ ሽማግሌዎች ያወጋሉ። ለሙሽሮች የተለየች ክርታት የምትባል ጠባብ ጓዳም አለች።

ግድግዳውን የሚያለብሰው የሴቶቹ ስፌት ነው። አሠራሩን ቀረብ ብሎ ያየ ይደነቃል፦ ሰፊዋ የሣር እስሩን ከመሐል ጀምራ እያዞረች፣ በወስፌ እየወጋች፣ ቀለም በተነከረ ስንጥቅ እያጠበቀች ታሳድገዋለች። ንድፍ በወረቀት የለም፤ ቀዩም ጥቁሩም ተራውን ጠብቆ የሚገባው በቆጠራዋ ነው። እናቱ የወተት ጮጮ ስትሠራ እያየ ያደገ የአርሲ ልጅ ይህን ትዕግሥት ሳይነገረው ያውቀዋል። ጥንት የሐረሪ ሴት ሙያውን በልጃገረድነቷ ትማር ነበር። ለአማት የሚሰጠው ባለ ረጅም ክዳን ስፌት ደግሞ የሠርግ ወግ ነው። ይህ ሙያ እስከ ዛሬ የቆየው የቱሪስት ገበያ ስላገኘ ብቻ አይመስለኝም፤ ግድግዳው፣ ሠርጉና ለቅሶው ስለሚፈልጉት ነው።

ከቤቱ ሲወጡ ደግሞ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪናቸውን ደጅ አውጥተው ይሠራሉ። ሐረር በቆዳ መጽሐፍ መጠረዝም ስሟ የተጠራ ነው፤ ሸሪፍ ሙዚየም ገብቶ የቁርኣን ቅጂዎቹን ማየት አይቅር። ከሮመዳን በኋላ የሚከበረው የሹዋሊድ በዓል በ2016 ዓ.ም. የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኗል፤ ለጉዞ ጊዜ የሚመርጥ ሰው እሱን ያስብ።

ስትሄዱ መኪናውን በር ላይ ትታችሁ በእግራችሁ ግቡ። ሰው ቤት ስትገቡ አስፈቅዱ፣ የት እንደምትቀመጡ ጠይቁ፣ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊትም እንዲሁ። ስፌት ከገዛችሁ ከሰፊዋ እጅ ግዙ፤ ዋጋ ስትከራከሩም የወሰደባትን ጊዜ አስቡ።