ያለፉት ሳምንታት ክፍያና የይግባኝ መብት

ከሥራው የተሰናበተ ሰው ደመወዙ ቢቋረጥም የቤቱ ኪራይና የልጆቹ ቀለብ አይቋረጥም። ይህን ችግር ለማቃለል በአሜሪካ የማኅበራዊ ዋስትና ሕግ በአውሮፓ አቈጣጠር ኦገስት 14 ቀን 1935 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ፊርማ ጸደቀ። በዚህም ሕግ የሥራ አጥነት መድን በአገሪቱ ሁሉ ሊዘረጋ ቻለ። ሥራው የፌዴራል መንግሥቱና የየግዛቶቹ የጋራ ሥራ ነው። ይኸውም ፌዴራሉ አጠቃላይ ደንቡን ይወስናል፤ ገንዘቡን የሚያድለው ግን እያንዳንዱ ግዛት በራሱ መሥሪያ ቤት ነው። ከደንቡም ዋነኛው፣ ጥያቄው የተከለከለበት ሰው አድልዎ በሌለው ችሎት ፊት ቀርቦ እንዲሰማ የሚያዘው ነው።

ይህ መብት በተግባር ምን እንደሚመስል ለመረዳት የካሊፎርኒያን ግዛት አሠራር መመልከት ይበቃል። በዚያ ግዛት፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» የሚል ስም የተሰጠው ሠፈር ስለሚገኝ ነገሩ አማርኛ ተናጋሪውንም በቅርብ የሚነካ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ የሆቴል ሠራተኛ ይታሰብ። አሠሪው «ሥራው ሲመለስ እንጠራሃለን» ብሎ አሰናበተው፤ ስለ መድኑ የሚያስረዳውንም ወረቀት አልሰጠውም። ሠራተኛው ዛሬ እጠራለሁ ነገ እጠራለሁ ሲል አምስት ሳምንት አለፈው፤ ከዚህ በኋላ ወዳጆቹ መክረውት ማመልከቻውን አገባ። በግዛቱ ደንብ ግን የመድኑ ዘመን የሚቈጠረው ማመልከቻው ከገባበት ሳምንት እሑድ አንሥቶ ነው። ስለዚህ ያለፉት አምስት ሳምንታት ከሒሳብ ውጪ ሆኑ። ሳምንታዊ ድርሻው 300 ዶላር ቢሆን፣ አንዱ ሳምንት ያለ ክፍያ የሚያልፍ የመጠበቂያ ሳምንት ስለሆነ፣ የአራቱ ሳምንት 1,200 ዶላር ቀረበት ማለት ነው። ለባለጸጋ ይህ ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ኪራይ ላለበት ሠራተኛ ግን በቤቱ በመቈየትና ከቤቱ በመውጣት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ሠራተኛው ዘመኑ ወደ ኋላ ተመልሶ እንዲቈጠርለት ሊጠይቅ ይችላል፤ ሆኖም ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት ማሳየት አለበት። ጥያቄው ከተነፈገ መሥሪያ ቤቱ ምክንያቱን ጽፎ ይልክለታል። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰዎች ሁለት ስሕተት ይሠራሉ። አንደኛው፣ የመንግሥት ማኅተም ያለበት ወረቀት የመጨረሻ ፍርድ መስሏቸው ዝም ማለታቸው ነው። ሁለተኛው፣ ተቈጥተው በየሁለት ሳምንቱ የሚሞላውን የማረጋገጫ ቅጽ መላክ መተዋቸው ነው። «በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢለው፣ ባሳጠረች በራሷ» እንደ ተባለው፣ ቅጹን የተወ ሰው በይግባኙ ቢረታ እንኳ የተዋቸውን ሳምንታት ገንዘብ ሊያጣ ይችላል።

ይግባኙ መግባት ያለበት ውሳኔው በፖስታ ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ነው። የሚቈጠረው ደብዳቤው የተላከበት ቀን እንጂ የደረሰበት ቀን እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል። ቀኑ ያለፈበትም ሰው በቂ ምክንያት ካለው ማስረዳት ይችላል። ማመልከቻው የተራቀቀ ቃል አያስፈልገውም፤ የአመልካቹ ስም፣ የተከለከለው ውሳኔ ቀንና የማይስማማበት ምክንያት በግልጽ ከተጻፈ ይበቃል። እንግሊዝኛ የማይሆንለት ሰው አስተርጓሚ ያለ ክፍያ እንዲመደብለት ይጠይቅ።

ጉዳዩን የሚሰማው የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ ሳይሆን የይግባኝ ሰሚው ቦርድ የአስተዳደር ሕግ ዳኛ ነው። ዳኛው ቃሉን በመሐላ ይቀበላል፤ መዝገቡንም ይመረምራል። አመልካቹ ከችሎቱ ቀን በፊት መዝገቡን አይቶ በውስጡ ምን እንደ ተጻፈ ቢያውቅ ይጠቀማል። ከላይ በተነገረው ምሳሌ ሠራተኛው የሚያቀርበው ማስረጃ አሠሪው «እንጠራሃለን» ብሎ የላከው መልእክት፣ ወረቀቱ እንዳልተሰጠው የሚያውቅ የሥራ ባልደረባ ምስክርነት፣ እንደዚሁም በእነዚያ ሳምንታት ለሥራ ዝግጁ እንደ ነበረ የሚያሳይ ጽሑፍ ነው። «አላወቅሁም ነበር» ብሎ ማልቀስ ብቻውን ክርክር አያረታም፤ ያላወቀበት ምክንያት ከቀንና ከሰነድ ጋር ሲቀርብ ግን ክብደት ያገኛል።

ዳኛውም ቢነፍገው እንደገና በ30 ቀን ውስጥ ለቦርዱ ይግባኝ ማለት ይቻላል። ከቦርዱም በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ወደ ግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚያደርስ መንገድ አለ። መዘግየት ራሱ በደል ሊሆን እንደሚችል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1971 ከዚሁ ከካሊፎርኒያ በመጣ ክርክር ላይ አስረድቷል። በዚያ ክርክር፣ ገንዘቡ የተፈቀደለት ሠራተኛ አሠሪው ይግባኝ ስላለ ብቻ ክፍያው እንዳይቋረጥበት ፈርዷል።

ነጋዴውም ከዚህ ጉዳይ ውጪ አይደለም። በካሊፎርኒያ የመድኑን ግብር የሚከፍለው ሠራተኛው ሳይሆን አሠሪው ነው። የፌዴራሉ ግብር በእያንዳንዱ ሠራተኛ የዓመት ደመወዝ የመጀመሪያ 7,000 ዶላር ላይ 6 ከመቶ ሲሆን፣ የግዛቱን ግብር በጊዜው ለከፈለ አሠሪ እስከ 5.4 ከመቶ ይቀነስለታል። ሠራተኛ ሲያሰናብት የማስረጃውን ወረቀት መስጠት በሕግ የታዘዘ ግዴታ ነው። አንዲት ወረቀት በጊዜዋ ብትሰጥ ኖሮ በምሳሌው የተነገረው ክርክር ሁሉ ባላስፈለገ ነበር።

ለአስተዳዳሪዎችም የሚተርፍ ትምህርት አለበት። የከለከለ ሹም የከለከለበትን ምክንያት ሰው በሚገባው ቃል ይጻፍ፤ የይግባኙንም ቀን በግልጽ ያሳይ። የተከለከለውም ሰው ወረቀቱን ከመጣሉ በፊት ቀኑን ይቍጠር።